ከእግር በታች የማይሄደው ጄሪካን

በየቤተሰቡ አንድ ጊዜ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቴ የሄደ ሰው ስለ መንገድ ሲጠየቅ «ያው ነው» ብሎ ያልፋል፤ ሦስቴ የሄደ ጭራሽ ማውራቱም ይሰለቸዋል። አንዴ የሄደው ግን ከተመለሰባት ዕለት ጀምሮ የመንገድ ሁሉ ሊቀ መንበር፣ የሻንጣ ሁሉ ገምጋሚ፣ የአውሮፕላን ሁሉ ባለሙሉ ሥልጣን ነው። ማንም አልመረጠውም፤ ስለዚህም ማንም አያወርደውም። ስብሰባ ይጠራል፣ መመሪያ ያወጣል፣ ከመመሪያው ዝንፍ ያለውን በዘመድ አዝማድ ፊት ያስገመግማል። ሰፊው ቤተሰብም ያጨበጭባል።

የእነ እድላዊት ቤት ሊቀ መንበር የኔታ አማረ ናቸው።

የኔታ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከአገራቸው ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩ፣ ያስተማሩት ደቀ መዝሙር ተቆጥሮ የማያልቅ፣ ነጭ ጥምጥማቸው ከራሳቸው ወርዶ ያየ ሰው የሌለ ትልቅ ሰው። አባቷ ሲሞት እሷንና ታናሽ እህቷን ትዕግሥትን ወስደው አሳድገዋል። ይህን እድላዊት አትክድም፤ ጥያቄዋ ሌላ ነው። የኔታ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሄደው፣ ዘጠኝ ቀን ቆይተው ተመለሱ። ዘጠኝ ቀን። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በሙሉ የእነዚያ ዘጠኝ ቀኖች አንድምታ ነው።

«ሄጄ አይቼዋለሁ» ይላሉ። በሚኖሩባት ከተማ በአርብ ገበያ ሽንኩርት ተወደደ ሲባል፣ «ኢየሩሳሌምም ውድ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።» የጎረቤት ልጅ ከሞተር ወደቀ ሲባል፣ «እዚያ ሞተር የሚነዳ ሰው የብረት ቆብ ይደፋል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።» እድላዊት የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ እንኳ ከጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ቆመው አዋላጇን ሲመክሩ ተሰምተዋል። አዋላጇም ቀና ብላ፣ «የኔታ፣ ኢየሩሳሌም ስንት ወለዱ?» አለቻቸው። ያን ቀን ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። በሚቀጥለው ቀን ግን ምክራቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ትዕግሥት ዱባይ ልታገባ ነው።

ትዕግሥት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለሰው ቤት ሥራ ሄዳ ዘጠኝ ዓመት ቆየች። አሁን የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አንድ ደኅና ልጅም አግኝታለች። አሠሪዎቿ ፈቃድ ስለማይሰጧት አገር ቤት መጥታ መደገስ አልቻለችም፤ ስለዚህ ለእህቷ፣ ለእህቷ ባል ለይግዛው፣ ለሁለቱ ሕፃናትና ለየኔታ ቪዛና ትኬት ላከች። በስልክ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የኔታ የሰፈራችንን ጠበል ይዘውልኝ ይምጡ። እሳቸው ይርጩኝ።»

እድላዊት ይህን ስትሰማ «እሺ» ብላ ወሬ ለወጠች። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሣው ነገር አለና። ትዕግሥት የሄደች ቀን፣ መኪናው እየጠበቃት፣ የኔታ ደጅ ላይ ምርቃት ፈልጋ ቆማ ነበር። የኔታ መሄዷን አልፈቀዱም ነበር። ከውስጥ «ራሴን አሞኛል» አሉና በሩን ሳይከፍቱ ቀሩ። ልጅቱ በተዘጋ በር ተሳልማ ሄደች።

ዘጠኝ ዓመት። እድላዊት እህቷን በስልክ መስታወት ውስጥ ካልሆነ አላየቻትም። የአምስት ዓመቱ ልጇ ይርጋ ደግሞ አክስቱን ከደረት በላይ እንጂ ከደረት በታች አይቷት ስለማያውቅ፣ «እማዬ፣ አክስቴ እግር አላት?» ብሎ ጠይቋል። ያ ጥያቄ ነው እድላዊትን ያስለቀሳት። ምንም ይምጣ ምንም ለእሑዱ ሠርግ እደርሳለሁ አለች። ምን እንደሚመጣ ግን ገና አላወቀችም።

የመጣው የኔታ ናቸው።

ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ስብሰባ ጠሩ። ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት እህል እንዳይቀምሱ ተወሰነ፤ ሰማይ ላይ ያስመልሳቸዋላ። ትልልቆቹም ለልጆቹ አርአያ እንዲሆኑ እንዲሁ ጦማቸውን እንዲሳፈሩ ተወሰነ። ሁሉም የሱፍ ሹራብ እንዲለብስ ተወሰነ።

«የኔታ፣ ዱባይ እኮ እንደ ምጣድ ነው» አለች እድላዊት።

«ኢየሩሳሌም ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«የምንሄደው ኢየሩሳሌም አይደለም።»

«ባሕር ማዶ ባሕር ማዶ ነው።»

ተወሰነ። ከዚያ ጄሪካኑ መጣ። አምስት ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጄሪካን፣ ከቤተ ልሔም ባሻገር ካለች ምንጭ በእግራቸው ሄደው የቀዱት ጠበል፣ አፉ በሰምና በጨርቅ የታሸገ። እድላዊት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የአየር መንገዱን ደንብ ከኢንተርኔት አውርዳ ሁለት ጊዜ አንብባለች። በትሕትና ጀመረች።

«የኔታ፣ ፈሳሽ በእጅ አያስገቡም። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ አሽገዋለሁ። አይፈስም።»

«ሻንጣው የት ነው የሚሄድ?»

«ከታች ነው። ከአውሮፕላኑ ሆድ።»

«እኛስ?»

«ከላይ ነን።»

የኔታ ጢማቸውን ያዙ። «እንግዲያ አራት ሰዓት ሙሉ እግራችንን ከጠበል በላይ ዘርግተን ልንሄድ ነዋ። ጠበል ከእግር በታች አይሄድም፣ ልጄ። በሰማንያ ዘጠኝ እኔ በጭኔ ይዤ ነው የገባሁት፤ ማንም ምንም አላለኝም።»

እድላዊት ወደ ባሏ ዞረች። ይግዛው በሒሳብ የተመረቀ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሰው ነው፤ የኔታ ፊት ሲቀመጥ ግን መደመር ይጠፋዋል። «አምስት ሊትር እኮ ብዙ አይደለም» አለ። እድላዊት ያየችውን አስተያየት እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

አዲስ አበባ እንዴት እንደተደረሰ ባይወራ ይሻላል። ከአርብ ገበያ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ጄሪካኑ ወንበር ይዞ፣ ነጠላ ለብሶ ሄደ። ይርጋ በእናቱ ጭን፣ የአሥር ወሯ አመተ ማርያም በይርጋ ጭን ተጓዙ። ከጄሪካኑ በቀር የሰው ልጅ ሁሉ ተጨቆነ። የአውቶቡሱ ረዳት «ለዚህም ትኬት ይቆረጥ» ቢል የኔታ «ስሙን ጻፍና ቁረጥ» አሉት። ረዳቱ አማተበና ሄደ።

የዱባዩ አውሮፕላን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አምስት ሰው በሱፍ ሹራብ፣ ሆዱ ባዶ፣ ከመጨረሻው ፍተሻ ደረሰ። ይርጋ ከንጋት ጀምሮ «ዳቦ» እያለ ነው። ሕፃኗ ጡት እየጎተተች ትነጫነጫለች። ፈታሽዋ ልጅ፣ አንገቷ ላይ ክር ያሰረች ወጣት፣ ጄሪካኑን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ።

«አባቴ፣ ይሄ አይገባም።»

«ጠበል ነው።»

«አውቃለሁ አባቴ። ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም።»

«በሰማንያ ዘጠኝ በዚሁ ነው የገባሁት።»

«አባቴ፣ እኔ በሰማንያ ዘጠኝ አልተወለድኩም። እዚያ ውስጥ ይድፉት።» የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን በእጇ አሳየቻቸው።

እድላዊት ፊቷን አዞረች። እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ልቧ ውስጥ ጮቤ ረግጣለች። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ማኅተም ያለው ሰው ሊቀ መንበሩን «አይቻልም» አላቸው። ደስታው ሩብ ደቂቃም አልቆየ።

«ይደፋ?» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «የቡና አተላ የሚደፋበት ላይ? አይሆንም። ይጠጣል።»

«ምን?»

«እህል የቀመሰ የለም። ሁላችንም ጦማችንን ነን።» ወደ እድላዊት ዞሩ፤ ዓይናቸው በራ። «አየሽ? ለምን እንደከለከልኳችሁ አሁን ገባሽ?»

ሰው በንዴት የሚሞት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ የሐዘን መግለጫ ይሆን ነበር።

ሰልፉን ለቀው ግድግዳ ሥር ቆሙ። የይርጋ የፕላስቲክ ኩባያ ከቦርሳ ወጣ። የኔታ ጸሎት አደረሱ፤ አጭር አልነበረም። ይግዛው ሦስት ኩባያ ጠጣ፤ አራተኛው ላይ ዓይኑ ወጣ። እድላዊት ሁለት ጠጣች። ይርጋ «ጣፋጭ ነው» ብሎ ሁለት ሙሉ ኩባያ ጭልጥ አደረገ፤ ዳቦ ያጣ ልጅ ነዋ። የኔታ ኩባያውን ወደ ሕፃኗ ሲያስጠጉ እድላዊት በእጇ ከለከለች።

«እኔ በየቀኑ ለእናቶች 'አፍልታችሁ አጠጡ' እያልኩ ጉሮሮዬ የነቃ ሴት ነኝ። ለአሥር ወር ልጅ የምንጭ ውሃ በኩባያ አይሰጥም፤ የኔታ፣ አይሰጥም።»

የኔታ ጣታቸውን ነክረው የሕፃኗን ከንፈር ነኩ። «ይህን ያህልስ?» አሉ። ሕፃኗ ሳቀች። ይህም ራሱ እድላዊትን አናደዳት።

ጄሪካኑ ገና ግማሽ ላይ ነው። ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ነው። ያኔ ከኋላቸው አንዲት ልጅ እጇን ዘረጋች።

«አባቴ፣ ለእኔም።»

አንድ ዓይነት ቦርሳ የያዙ፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ስምንት ዘጠኝ ሴት ልጆች ናቸው፤ ላኪው ድርጅት ለሰው ቤት ሥራ ያሰለፋቸው፤ ፓስፖርታቸውን እንደ ዕቁብ ደብተር ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ከየት ነሽ ልጄ?» አሉ የኔታ።

«ከስማዳ። ከወገዳ ወዲያ።»

«የማን ልጅ?»

ነገረቻቸው። የአያቷን ስም ያውቁታል። አፈሰሱላት፤ በመዳፏ ጠጣች፣ የቀረውን ፊቷን ቀባችው። ቀጣይዋ ከእስቴ ናት። እሷንም ጠየቁ፤ የማን ልጅ፣ የትኛው ደብር፣ እናት አለች ወይ። ሦስተኛዋ ስትመጣ ፈታሽዋ ራሷ ቦታዋን ትታ መጥታ እጇን ዘርግታለች። የኔታ ለእያንዳንዷ «እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ፤ በሰላም ይመልስሽ» ይላሉ። አንዷንም አያቻኩሉም። እንደ እሳቸው ቢሆን የኤርፖርቱ ሠራተኛ በሙሉ ተራ ይዞ ነበር።

ድምፅ ማጉያው የዱባይን በረራ ጠራ። ለጥቂት ጊዜ ቆየና የመጨረሻ ጥሪ ብሎ ጠራ።

እድላዊት ፈነዳች።

«የኔታ፣ ይብቃ። ያ የትዕግሥት ጠበል ነው። ልጅቱ በዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ለመነችዎ፣ አንድ ነገር፤ እሱንም እዚህ ለመንገደኛ አከፋፈሉት። እኔ ልጆቼን በጦም በሹራብ ጎትቼ እዚህ የደረስኩት አውሮፕላን ሲሄድ ለመሸኘት አይደለም።» ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገች። «ለእሷ ያልከፈቱትን በር ነው አሁን ለእነዚህ የሚከፍቱት?»

ሰልፉ ዞሮ አያት። ይግዛው መሬት አየ። በዚያ ቤተሰብ ዘጠኝ ዓመት ማንም ያላለውን ነገር እድላዊት ተናገረች፤ ያውም በሰው መካከል።

የኔታ ጄሪካኑን ወዘወዙት። ከሥሩ ትንሽ ተንቦጫቦጨ።

«ሂዱ» አሉ። «እደርሳለሁ።»

ልጆቹን ይዛ ሮጠች። አንድ ጊዜ ዞር ስትል የኔታ ከአንድ ዓምድ ጀርባ ጎንበስ ብለዋል። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረሱ፤ ጥምጥማቸው ተዛብቷል፣ ውሃ በማጅራታቸው እየወረደ ሹራባቸውን አርሶታል። ጄሪካኑ የለም።

እድላዊት አየች፣ ተረዳች፣ ፈረደችም። የቀረውን ጠበል በገዛ ራሳቸው ላይ አፍስሰውታል። የመጨረሻዋን ጠብታ፣ የእህቷን ድርሻ፣ ለራሳቸው! ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቀበቶዋን ስታስር የግምገማ ነጥቦቿን በልቧ መደርደር ጀመረች። ዱባይ ስትደርስ፣ እህቷ ፊት፣ አንድም ሳታስቀር ታነባቸዋለች።

አውሮፕላኑ ገና አፍንጫውን ሲያነሣ ይርጋ፣ «እማዬ፣ ጠበሉ ሊወጣ ነው» አለ።

«ያዘው።»

«አይያዝም።»

አስተናጋጇ ከሩቅ «ይቀመጡ» እያለች እጇን ታወዛውዛለች። ለሚያስመልሰው መንገደኛ የተቀመጠችው የወረቀት ከረጢት ተገኘች፤ ግማሹን ያዘች። ሌላውን ግማሽ የሱፍ ሹራቡ ተቀበለው። ከየኔታ መመሪያዎች ሁሉ ጥቅም የሰጠ ያ ሹራብ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ሙሉ የኔታ «ሄጄ አይቼዋለሁ» አላሉም። አንዴም። ከጣራው የሚወርደው ብርድ እርጥብ ጥምጥማቸውን እየመታው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፤ አልፎ አልፎ ጠብታ ይርጋ ትከሻ ላይ ያርፋል። እድላዊት ንዴቷ ላይ ንዴት ተጨመረባት፤ አሁን ደግሞ ታመው ልታስታምማቸው ነው።

«ይፍቱትና ይድረቅ» አለቻቸው። «ሳንባዎን ሊመታዎት ነው።»

የኔታ ጥምጥማቸውን በሁለት እጅ ያዙ። «አይነካም።»

«ምን የሚሉት ግትርነት ነው?»

የኔታ ጣራውን ወደ ላይ አዩት፤ ብርዱ የሚመጣባትን ቀዳዳ በመዳፋቸው ሊከልሉ ሞከሩ። አልደረሱባትም።

ዱባይ ደረሱ። ከመስታወቱ በር ወዲያ ትዕግሥት ቆማለች፤ እጮኛዋ ከኋላዋ ራቅ ብሎ አበባ ይዟል። እህትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ማን እንደምታለቅስ አይታወቅም ነበር። ይርጋ እናቱን አላያትም፤ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ሲያይ ቆየና፣ «አላት» አለ ለአባቱ። «ሁለት እግር አላት።»

ትዕግሥት ከእህቷ ክንድ ወጥታ ወደ የኔታ ሄደች። ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ።

«የኔታ፣ ጠበሉስ?»

እድላዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። ክሱ ተዘጋጅቷል። ሹራቡ፣ ጦሙ፣ ጄሪካኑ፣ የስማዳዋ ልጅ፣ የእስቴዋ ልጅ፣ የራስ ላይ ጠበል። አፏን ከፈተች።

የኔታ ጥምጥማቸውን ፈቱ።

እድላዊት በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ራስ ታየ። ትንሽ ነው። ጥቂት ነጭ ፀጉር፣ በውሃ ተጣብቆ። የኔታ ረጅሙን ሻሽ በእጃቸው ጠቅልለው ትዕግሥት ፊት ቆሙ።

«ውሃ አይገባም አሉኝ» አሉ። «ጨርቅ ግን አልከለከሉም። አውልቄ በእጄ ብይዘው ደግሞ ይቀሙኛል ብዬ በራሴ አመጣሁት።»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እድላዊት ግን አጠገባቸው ስለነበረች የሰማችውን አሉ።

«ያን ቀን ራሴን አላመመኝም ነበር።»

ትዕግሥት ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሻንጣ የሚገፋው ሰው ሁሉ በግራና በቀኝ እየዞረ ያልፋል። የኔታ ሻሹን ከራሷ በላይ ይዘው ጠመዘዙ። ምንም አልወረደም። የአውሮፕላኑ ብርድ ጠጥቶታል። እንደገና ጠመዘዙ። ብራና በመዳመጥ፣ መቋሚያ በመጨበጥ የደነደኑት ጣቶቻቸው ቢጨምቁትም ጨርቁ ውሃ አልሰጠም። ሦስተኛ ሞከሩ። ወደ እድላዊት ቀና ብለው አዩ፤ አስተያየታቸው የሊቀ መንበር አልነበረም።

እድላዊት ሕፃኗን ለይግዛው አቀበለችው።

«እንዲያ አይጠመዘዝም» አለች። አሁንም ተናድዳ ነበር። የሻሹን ሌላውን ጫፍ ያዘች። «ጋቢ ወንዝ ወርደው አጥበው አያውቁምና። እርስዎ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ። አጥብቀው ይያዙ።»

«ቀስ በይ፣ ይቀደዳል። ኢየሩሳሌም በሄድኩ ጊዜ አንድ...»

«የኔታ፣ ዝም ብለው ይጠምዝዙ።»

ጠመዘዙ። ሻሹ እንደ ገመድ ከረረ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር አለ፣ አንዲት ጠብታም ተንጠልጥላ ትንሽ አሰበችና በትዕግሥት ፀጉር መካከል ወረደች።